የሚሰምጥ ፍሬን ይዞ ሞያሌ

ያቤሎ፣ ከምሳ በኋላ

ከያቤሎ ወደ ሜጋ ሲወጡ መሬቱ ቀይ ነው። ግራና ቀኝ ግራር፣ በግራሩ መሀል ከሰው ቁመት በላይ የቆመ የምስጥ ኩይሳ፣ አልፎ አልፎ ቢጫ ጀሪካን ጭኖ ከኤላ፣ ከቦረና የውሃ ጉድጓድ፣ የሚመለስ አህያ። እዚህ መንገድ ላይ ሾፌር ፍሬን ትዝ የሚለው ግመል ሲሻገር ነው፤ ግመል ደግሞ ለጡሩምባ አይቸኩልም። ጓደኛዬ ከሩቅ ሲያያቸው እግሩን ከነዳጁ ያነሳና ፍሬኑን ሁለቴ ይረግጣል። የመጀመሪያው ርግጫ ወለሉን ሊነካ ትንሽ እስኪቀረው ይወርዳል፤ በሁለተኛው ፔዳሉ ከፍ ብሎ ይይዛል። ከአዲስ አበባ ጀምሮ የምንሄደው እንዲህ ነው።

ኮሮላዋ የእሱ ናት። ለዚህ ጉዞ ብሎ የፊቱን ሸራና ዲስክ አስቀይሯል፤ እግረ መንገዱን ካሊፐሮቹ ወርደው የፒስተኖቹ ጎሚኒ ተለውጧል። አሮጌው ዲስክ ሳስቶ ጠርዙ ላይ ከንፈር አውጥቶ ስለነበር መቀየሩ ተገቢ ነው። መኪናዋን ሲረከብ ፔዳሉ እንደ ድሮው እንዳልሆነ ተናግሮ ነበር። «አዲስ ሸራ ነው፣ ይለምዳል» ተባለ።

መልሱ የሚያስቸግረው ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። አዲስ ሸራ እንዲገባ ፒስተኑ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ስለዚህ መኪናው ከክሪክ እንደወረደ የመጀመሪያዎቹ ርግጫዎች ባዶ ናቸው። ፒስተኑ ተመልሶ ሸራውን ከዲስኩ እስኪያገናኝ ድረስ ቆሞ መርገጥ ያስፈልጋል፤ ይህን ሳያደርግ ከጋራዥ የወጣ ሰው የመጀመሪያው መስቀለኛ መንገድ ላይ ይደነግጣል። ከዚያም በኋላ ቢሆን የአዲሱ ሸራ ፊትና የአዲሱ ዲስክ ፊት ሙሉ ለሙሉ ስላልተጋጠሙ ፍሬኑ ለጥቂት ጊዜ ደከም፣ ፔዳሉም ለስለስ ይላል። ነገር ግን ይህ ልስላሴ በኪሎ ሜትር ብዛት እየቀነሰ የሚሄድ ነው። የእኛው ዝዋይንም ሐዋሳንም ዲላንም አልፎ ያው ነው። ሐዋሳ ላይ አንድ መካኒክ አየር አስወጥቶልን ነበር፤ ዘይቱ ጥርት ብሎ ወጣ፣ አንድ አረፋ አልታየም። አየር የለም ማለት ነው ብለን ቀጠልን።

ሜጋ

ከዚህ ወደ ሞያሌ መንገዱ ይወርዳል። ጓደኛዬ ማርሽ ቀንሶ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝ አደረገ። የፍሬን ነገር ሲነሳ በእኛ ዘንድ ሁለት ወሬ ብቻ ነው ያለው፦ ወይ ይይዛል፣ ወይ «ፍሬን በጠሰ»። በመሀል ያለውን የሚናገር የለም። ፔዳሉ ግን ብዙ ዓይነት ጠባይ አለው። በአንድ ርግጫ ርቆ የሚወርድ ነገር ግን ሲያቆም ጠንካራ የሆነ ፔዳል ብዙውን ጊዜ የኋላው ታምቡር ሸራ ከታምቡሩ መራቁን ይናገራል። እግር ሲያርፍበት ቀስ እያለ የሚሰጥም ደግሞ የማስተር ሲሊንደሩ ጎሚኒ ዘይቱን ወደ ኋላ ያሳልፋል ማለት ነው፤ ውጭ አንዲት ጠብታ ሳይታይ። እንደ ስፖንጅ የሚገፋና ደጋግመው ሲረግጡት የሚነሳው በመስመሩ ውስጥ የሚጨመቅ ነገር አለበት። ዘይት አይጨመቅም፤ አየር ይጨመቃል። የእኛው ይህ የመጨረሻው ነው፤ ሐዋሳ ላይ አየር ባይገኝም።

ሞያሌ፣ ኬላው

ሞያሌ ሁለት ናት። ስሟም ሰውዋም በድንበሩ ግራና ቀኝ ተዘርግቷል፤ ቦረናው፣ ጋሪው፣ ቡርጂው፣ ሶማሌው በሁለቱም በኩል ዘመድ አለው። የጋራው የድንበር ኬላ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የመረቁት ነው። አሠራሩ፣ የሁለቱ አገር ሠራተኞች አንድ ግቢ ተቀምጠው መንገደኛው በሚገባበት አገር በኩል ብቻ አንዴ ቆሞ ጉዳዩን ይጨርሳል። ፓስፖርት፣ የመኪና ወረቀት፣ የኮሜሳ ቢጫ ካርድ። ሰልፉ ረጅም አልነበረም፤ ስለሱ የምለው የለኝም።

ከኬላው ሲወጡ መንገዱ ጎን ይቀይራል። እኛ በቀኝ፣ ኬንያ በግራ። የኛ መኪና መሪዋ በግራ በኩል ስለሆነ ሾፌሩ ከመንገዱ ዳር ተቀምጦ፣ መሀል መንገዱን የማየው እኔ ሆንኩ። ከጭነት መኪና ጀርባ ሲደርስ «ይመጣል?» ይለኛል፤ «ይመጣል» ወይም «ውጣ» እላለሁ። የሚሰምጥ ፍሬንና ይህ ጥያቄ አንድ ላይ አይሄዱም። ማርሳቢት ድረስ ከመሄዳችን በፊት እዚሁ ሰው እንፈልግ ተባባልን።

ሞያሌ፣ የኬንያው ወገን፣ ከሰዓት በኋላ

እዚህ መካኒክ ፈንዲ ይባላል። የጠየቅነው ሁሉ ወደ አንድ ሰው ነው የጠቆመን። ግቢው አንድ ትልቅ ዛፍ፣ የቆርቆሮ ጥግ፣ ጎማዋ ወልቆ በድንጋይ ላይ የተቀመጠች ፕሮቦክስ፣ መቀመጫ የሆነ የጭነት መኪና የሞተር ብሎክ። ልጆቹ «ምዜ» የሚሏቸው ሽማግሌ ቡርጂ ናቸው፤ ቡርጂዎች በሞያሌና በማርሳቢት ከሰፈሩ ብዙ ዘመን ነው። አማርኛቸው ቀጥ ያለ ነው፤ ከኛ ጋር በአማርኛ፣ ከልጆቹ ጋር በኦሮምኛና በስዋሂሊ።

«ምን ሆነች?»

«ፍሬኗ ይሰምጣል ጋሼ፤ ሸራና ዲስክ ከተቀየረ ጀምሮ።»

«ቱቦው ተፈቶ ነበር?»

«ካሊፐሩ ወርዶ ጎሚኒ ተቀይሯል።»

«እንግዲያው ሸራውን ተዉት» አሉ።

ጥያቄዋ ቀላል ትመስላለች። ሸራና ዲስክ ብቻ ሲቀየር ዘይቱ ያለበት መስመር አይከፈትም፤ አየር የሚገባበት ቀዳዳ የለም። ያኔ የሚጠረጠረው ሌላ ነው፦ ሸራው በቤቱ ውስጥ ቀጥ ብሎ አልተቀመጠም፣ የካሊፐሩ መንሸራተቻ ፒኖች ደርቀዋል፣ ወይም ዲስኩ የተቀመጠበት የሞዞ ፊት ዝገት ይዞ ዲስኩ ይወላገዳል። የሚወላገድ ዲስክ በዞረ ቁጥር ሸራዎቹን ወደ ኋላ ይመታቸዋል፤ ቀጣዩ ርግጫ ያን ክፍተት ለመሙላት ይባክናል። ቱቦ ከተፈታ ግን ነገሩ ሁሉ ይለወጣል።

ሽማግሌው ወዲያው ጎማ አላስፈቱም። የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉን ደጋግመው ረገጡ፤ የእግርን ጉልበት የሚያግዘው ሰርቮ ውስጥ የተያዘው ቫኪዩም እንዲያልቅ ነው። ከዚያ እግራቸውን አሳርፈው ዝም አሉ። ከልጆቹ አንዱ ሻይ አመጣ፤ እግራቸው እዚያው ነው። ፔዳሉ ወደ ታች አልሸሸም። «ማስተሩ ደህና ነው» አሉ። እግራቸውን ሳያነሱ ሞተሩን አስነሱ፤ ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ አለ። ሰርቮውም ይሠራል ማለት ነው። በዚህች ቅጽበት ሁለት ውድ ዕቃ ከጥርጣሬ ወጣ፤ አዲስ አበባ ቢሆን ቢያንስ አንዱ ሳይቀየር አይቀርም ነበር።

ቀጥሎ ያደረጉትን ሌላ ቦታ አይቼው አላውቅም። ነክሶ የሚይዝ ፒንሳ አመጡ፤ አልበቃ ብሎ ልጁ ከጎረቤት ግቢ ተዋሰ። የፒንሳዎቹን ጥርስ በከመነዳሪ ቁራጭ ጠቀለሉ፤ ብረቱ ቱቦውን እንዳይቆርጥ። ከዚያ ወደ እያንዳንዱ ጎማ የሚሄደውን የጎማ ቱቦ አንድ በአንድ ነክሰው ዘጉ። አራቱም ሲዘጋ ጓደኛዬ ፔዳሉን ረገጠ፤ ድንጋይ ሆነ። ከማስተሩ እስከ ቱቦዎቹ ያለው መስመር ንጹሕ ነው ማለት ነው። የኋላዎቹን ሁለቱን ለቀቁ፤ ፔዳሉ እምብዛም አልተነቃነቀም። የፊት ቀኙን ለቀቁ፤ ወረደ። የፊት ግራውን ለቀቁ፤ ያንኑ ያህል ደግሞ ወረደ።

«ሁለቱም ፊት ናቸው» አሉ ሽማግሌው። «አንዱ ቢሆን እከሌ ጎማ እል ነበር። ሁለቱም እኩል ከሆነ ያው እጅ ነው የነካቸው።» (ቱቦው ያረጀና የተሰነጣጠቀ ከሆነ ይህን ሙከራ ባይሞክሩት ይሻላል፤ ንክሻው ራሱ ይጨርሰዋል። የእኛዎቹን መጀመሪያ በጣታቸው አጥፈው አይተዋቸዋል።)

አሁን ጎማ ተፈታ። ልጁ መሪውን ጥግ ድረስ አዞረ፣ ካሊፐሩ ፊት ለፊት ወጣ። ሽማግሌው አልጎነበሱም፤ ልጁን ጠየቁት፣ እኛም እንድንሰማ በአማርኛ።

«ማስተንፈሻዋ የታለች?»

ልጁ ከካሊፐሩ ሥር ጣቱን አስገባ። «እዚህ።»

«አየር ወዴት ይሄዳል?»

«ወደ ላይ።»

«ታዲያ?»

ልጁ ሳቀ። ጓደኛዬ አልሳቀም።

የግራና የቀኝ ካሊፐር እንደ ግራና ቀኝ እጅ ናቸው። በዚህ ኮሮላ ላይ ግራውን በቀኝ፣ ቀኙን በግራ ብታስር ቡሎኖቹ ይገጥማሉ፣ ቱቦው ይደርሳል፣ ጎማው ይዞራል፣ ሸራው ይይዛል። የሚለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አናት ላይ መሆን የነበረባት የአየር ማስተንፈሻ ቡሎን ከሥር ትሆናለች። አየሩ ከፒስተኑ ቤት አናት ላይ ተንሳፍፎ ይቀመጣል፤ ማስተንፈሻዋን ስትከፍት ከታች ያለው ንጹሕ ዘይት ይወጣል። አንድ ጠርሙስ ሙሉ ብታስወጣም አረፋ አታይም። የሐዋሳው መካኒክ አልዋሸንም፤ ያየው እውነት ነው፤ ያየበት ቦታ ነው የተገለበጠው። ጎሚኒ ለመቀየር ሁለቱን ካሊፐር ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጠው ያጠቡ ሰዎች ሲመልሱ ተቀያየረባቸው፤ ምልክት ቢያደርጉባቸው ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ።

ሻይ ላይ

የከሰሉ ምድጃ ላይ ሻይም ሮንዴላም አንድ ላይ ነበሩ። ቱቦው ካሊፐሩ ላይ የሚታሰረው መሀሉ ቀዳዳ በሆነ ቡሎንና በሁለት የመዳብ ሮንዴላ ነው። መዳብ አንዴ ከተጨፈለቀ ይጠነክራል፤ እንደገና ሲታሰር ዘይት ያንጠባጥባል። ደንቡ አዲስ ማድረግ ነው። ሽማግሌው ግን በልኩ አዲስ የላቸውም፤ አሮጌዎቹን በሽቦ ሰክተው ፍሙ ውስጥ ከተቱ፤ ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆኑ ጠብቀው ውሃ ውስጥ ጣሏቸው። መዳብ እንደ ብረት በውሃ አይጠነክርም፤ ይለሰልሳል። ከዚያ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ሁለቱን ፊት አሸት አሸት አድርገው ለልጁ ሰጡ። ልጁ በጥፍሩ ሞክሮ ራሱን ነቀነቀ።

«እናንተ አገር ሱቅ ቅርብ ነው» አሉኝ። «እኔ አንድ ዕቃ ብፈልግ ናይሮቢ ኪሪንያጋ መንገድ ደውዬ ነው፤ በሌሊት አውቶቡስ ነው የሚመጣው። ተሳስቼ ባዘዝኩ የደንበኛውም ቀን የኔም ገንዘብ ጠፋ። ስለዚህ መጀመሪያ አውቃለሁ፣ ከዚያ አዝዛለሁ።»

ተከራከርኳቸው። ሶማሌ ተራ ሄዶ ዕቃ መለዋወጥ ብቻ ሳይሆን ጆሮውን ሞተር ላይ ደፍቶ የሚያዳምጥ መካኒክ አዲስ አበባም ሞልቷል። ነገር ግን ልቤ ወደ እሳቸው አደላ። የሱቅ መቅረብ ሰነፍ መካኒክን ይደብቃል፤ አንዱ ካልሠራ ሌላውን ቀይረው ይላል፣ የሚከፍለው ባለመኪናው ነው። ይህ ደግሞ አሁን ይብሳል። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ አገር ውስጥ ያሉት አሮጌ ኮሮላዎች ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ፤ እየተፈቱም እየታሰሩም ይኖራሉ። ኬንያ ውስጥ በተቃራኒው ከስምንት ዓመት በላይ የሆነው ያገለገለ መኪና ከውጭ አይገባም፤ ሆኖም ሞያሌ መንገድ ላይ የሚታየው ፕሮቦክስ ሁሉ ከገባ በኋላ ስንት ዓመት እንደተነዳ ሰውነቱ ይናገራል።

ስለ ድሮው መንገድም አወሩልን። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን መንገድ አስፋልቱ የተጠናቀቀው ከአሥር ዓመት ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ከብት የጫነ መኪና፣ ከከብቱ በላይ ሰው፣ ከሥሩ ማበጠሪያ የሚመስል ኮረኮንች ነበር። ባሌስትራ ይሰበር፣ የጭስ ማውጫ ይወድቅ፣ የፍሬን ቧንቧ በድንጋይ ይቆረጥ ነበር። «ያ መንገድ ነው ያስተማረኝ» አሉ። ሥራው ግን ቀንሷል ብለው አላማረሩም።

አመሻሽ

ካሊፐሮቹ ወደየቦታቸው ተመለሱ፤ ማስተንፈሻዎቹ አናት ላይ ወጡ። ዲስኩ በወረደበት አጋጣሚ የሞዞው ፊት ላይ የነበረውን የዝገት ቅርፊት ልጁ ፍቆ አነሳው፤ አዲሱ ዲስክ ከፋብሪካ የተቀባው ቅባትም በደንብ ስላልታጠበ እንደገና በቤንዚን ጠራረገው። እነዚህ ትንንሽ ናቸው።

ዘይቱ ላይ ክርክር ነበረ። ጓደኛዬ ከኋላ ሻንጣ ቤት የተጀመረ ቆርቆሮ አወጣ። ሽማግሌው አልነኩትም። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ ክዳኑ ከተከፈተ ቆርቆሮ ውስጥ ያለው ዘይት ከነውሃው ነው። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን መፍያው ቢያንስ 205 ዲግሪ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155። ከማርሳቢት ተራራ ወደ ደቡብ ሲወረድ ፍሬን ላይ የተኛ ሾፌር ዘይቱን ማፍላት ይችላል፤ የፈላ ዘይት እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ይጨመቃል፣ ፔዳሉ እንደገና ወለል ይነካል። ያኔ ካሊፐሩ በትክክል መታሰሩ አያድንም። ያልተከፈተ ቆርቆሮ ከፊት ለፊቱ ሱቅ ተገዛ።

አየሩ ሲወጣ ፔዳሉን የረገጠው ጓደኛዬ ነው። ከመጀመሩ በፊት ልጁ ከፔዳሉ ሥር የእንጨት ቁራጭ አስቀመጠ። ለምን ብዬ ጠየቅሁ። አሮጌ ማስተር ሲሊንደር ውስጥ ፒስተኑ በየቀኑ የሚመላለስበት ክፍል ልስልስ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ሳይነካ ስለኖረ ዝገትና ቆሻሻ ይዟል። ፔዳሉን እስከ ወለሉ የረገጡ እንደሆነ ጎሚኒው እዚያ ላይ ይላጫል። አየር ሊያወጣ የገባ ሰው ማስተር አበላሽቶ ይወጣል።

ከማስተሩ ከሚርቀው ከኋላው ቀኝ ጀመሩ። «ርገጥ። ያዝ።» ማስተንፈሻዋ ትከፈታለች፣ ፔዳሉ ይወርዳል፣ ትዘጋለች። «ልቀቅ።» ከማስተንፈሻዋ ጫፍ የወጣችው ብርሃን የምታሳልፍ ቀጭን ቱቦ ጫፏ በላስቲክ ጠርሙስ ባለ ዘይት ውስጥ ጠልቋል። ከኋላዎቹ የወጣው ንጹሕ ዘይት ነው። የፊት ግራው ሲከፈት ግን ቱቦዋ ባዶ መሰለች፤ መጀመሪያ ረጅም የአየር ክር፣ ከዚያ ባቄላ የሚያካክሉ አረፋዎች፣ ከዚያ ሽንብራ፣ ከዚያ የስኳር ቅንጣት። ጠርሙሱ ውስጥ ተንተከተከ። ልጁ በየመሀሉ ወደ ሞተሩ ቤት እየሮጠ ዘይቱ ከዝቅተኛው መስመር እንዳይወርድ ይጨምራል፤ ያ ዕቃ ከደረቀ ሥራው ሁሉ ከዜሮ ነው። የፊት ቀኙም እንደዚያው። ሲያበቃ ጓደኛዬ ፔዳሉን አንዴ ረገጠና ቀና ብሎ አየኝ። እግሩ ሩብ መንገድ ሳይሄድ ቆሟል።

ሽማግሌው ገና ነው አሉ። የኋላውን ታምቡር ሸራ በጀርባው ቀዳዳ በካቻቢቴ እያዞሩ ጎማው ሲዞር ሸራው በስሱ እስኪነካ አስጠጉት። ፔዳሉ ደግሞ ጥቂት ከፍ አለ።

የኬንያ ስልክ ስለሌለን በኤምፔሳ መክፈል አልቻልንም፤ ብር ይበቃል አሉ። በነጋታው ጠዋት ሳንሄድ በፊት ተመልሰን እንድናሳያቸው ለልጁ በስዋሂሊ «ሳ ሞጃ» ብለው ነገሩት፤ ወደ እኛ ዞረው «አንድ ሰዓት» አሉ። ቆጠራው ከኛ ጋር አንድ ነው፤ ግድግዳቸው ላይ ያለው ሰዓት ብቻ ሰባት ይላል።

የሶሎሎ መንገድ፣ ጠዋት

ሽማግሌው ከየጎማው ጀርባ ጎንበስ ብለው አዩ፤ የረጠበ ነገር የለም። ያን «ይለምዳል» የተባለውን ማስለመድ አሁን ነው የጀመርነው። መንገዱ ጭር ባለበት ከ60 ወደ 10 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለስለስ አድርጎ መቀነስ፣ ሳይቆሙ እንደገና ማፍጠን፣ መድገም፤ ከዚያ ፍሬን ሳይነኩ ረጅም መንገድ ነድቶ ማቀዝቀዝ። ዲስኩ ሲግል ቆሞ ፔዳሉን ረግጦ መያዝ ክልክል ነው፤ ሸራው በአንድ ቦታ ላይ አሻራውን ይተዋል፣ በኋላ መሪው ይንቀጠቀጣል። አዲስ ሸራ ሲግል ይሸታል። ጓደኛዬ ሁለት ጊዜ መስኮት ከፈተ።

ይህ መንገድ ፍሬን የሚፈትን ነው። በየመንደሩ መግቢያ ቀለም የሌለው ጉብታ ይጠብቃል፤ በየኬላው ፖሊስ አስፋልቱ ላይ የብረት እሾህ ይዘረጋል፣ በዚግዛግ ነው የሚታለፈው። ቱርቢ አጠገብ ፍየሎች ያለ እረኛ ገቡብን። አንድ ርግጫ በቃ።

ላይሳሚስ

ዲዳ ገልገሉን፣ ማርሳቢትን፣ ከማርሳቢትም ቁልቁለቱን በማርሽ ወርደን እዚህ ደረስን። ጓደኛዬ ሻይ ከማዘዙ በፊት ወደ ፊት ጎማዎቹ ሄደ፤ ሽማግሌው አደራ ያሉት ነው። የአንዱ ቸርኬ ከሌላው በጣም ከሞቀ ካሊፐሩ ተጣብቋል፤ አንዱ ቀዝቃዛ ከሆነ ጭራሽ አይሠራም። እጁን ወደ ግራው አስጠጋ፣ ዞሮ ወደ ቀኙ አስጠጋ፣ እኔንም ጠርቶ አስጠጋኝ። እኩል ነው። ኮፈኑን ከፍተን የዘይቱን ልክ አየን፤ ጠዋት የነበረበት መስመር ላይ ነው። ጓደኛዬ አዲስ አበባ ለመደወል ስልኩን አወጣ፤ መስመር የለም። ከኢሲዮሎ እደውላለሁ አለ፣ ድምፁ እንደ ሰላምታ አይደለም።